በአዲስ አበባ ዙሪያ የበጎ ፈቃድ ነፍስ አድን ጠላቂዎች የሥልጠና መመዘኛ

ነፍስ አድን ጠላቂ ውሃ የወሰደውን ሰው ጠልቆ የሚፈልግና የሚያወጣ ሰው ነው። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ጥሩ ቀንና ጥርት ያለ ውሃ መርጦ ይገባል። ነፍስ አድኑ ግን ምርጫ የለውም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ክረምት ላይ ውሃው ድፍርስ ነው። የራስህን እጅ አታይበትም።

በከተማዋ ምሥራቅ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች አሉ። በምዕራብ ገፈርሳ አለ። በደቡብ የአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ላይ ይጠራቀማል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ስም የሌለው ውሃ ነው። ድንጋይ ወጥቶበት የተተወ ካባ፣ ለግንባታ ተቆፍሮ አጥር ያልተደረገለት ጉድጓድ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡን ያቁራል። ልጆች ደግሞ ትምህርት ዘግተው ሰፈር ውስጥ ናቸው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ አንዴ የገባ ልጅ እግሩን የሚያሳርፍበት አያገኝም።

በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚሠሩት የእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን ጠላቂዎች ናቸው። ስልኩ 939 ነው። እነሱ እስኪደርሱ ግን ከሰፈሩ ዋና የሚችል ልጅ ልብሱን አውልቆ ዘሎ ይገባል። ልብ አለው፣ ሥልጠና የለውም። አንድ ለቅሶ ሁለት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። የሥልጠና መመዘኛ የሚባለው ነገር ዋና ዓላማውም ይኸው ነው፤ አዳኙ ራሱ እንዳይሞት።

በዓለም ላይ በብዛት ከሚጠቀሱት መመዘኛዎች አንዱ የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከል ማኅበር 1006 ቁጥር ያወጣለት ሰነድ ነው። ሠልጣኞችን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። የመጀመሪያው አደጋውን የሚያውቅና ሌላ ሰው እንዳይገባ የሚከለክል ነው። ሁለተኛው ከዳር ሆኖ የሚያግዝ ነው። የሚጠልቀው ሦስተኛው ብቻ ነው። ለሰፈር በጎ ፈቃደኛ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ሳይጠልቁም ነፍስ አድን መሆን ይቻላል። ቅደም ተከተሉም ግልጽ ነው። መጀመሪያ እንጨት ዘርጋ። ካልደረሰ ገመድ ወይም ባዶ ጀሪካን ወርውር። ካልሆነ በጀልባ ቅረብ። ውሃ ውስጥ መግባት የመጨረሻው ነው።

ለመጥለቅ የሚመዘገብ ሰው ግን አቅሙ ይፈተናል። ዓለም አቀፉ የመጥለቅ ነፍስ አድን ባለሙያዎች ማኅበር የዋና ፈተና በየዓመቱ የሚደገም ነው። ሠልጣኙ 457 ሜትር ገደማ ሳያርፍ ይዋኛል። 730 ሜትር ገደማ በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ይሄዳል። 15 ደቂቃ ባለበት ይንሳፈፋል፤ የመጨረሻዎቹን 2 ደቂቃዎች እጁን ከውሃ በላይ አውጥቶ። በመጨረሻም ራሱን እንደሳተ የሆነ ሰው 90 ሜትር ያህል ይጎትታል። ዘንድሮ ያለፈ ሰው ለከርሞም ይፈተናል።

ከዚያ ጨለማው ይመጣል። ልምምዱ የሚጀመረው በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ነው። የማስኩ መስታወት በፕላስተር ይሸፈናል። ሠልጣኙ መሣሪያውን በእጁ ዳስሶ ይፈታል፣ ይገጥማል። በገመድ ታስሯል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ዳር ላይ በቆመ ጓደኛው እጅ ነው። ንግግራቸው በገመዱ ነው። አንድ ጊዜ ሳብ፣ ሁለት ጊዜ ሳብ፤ ትርጉሙን ቡድኑ አስቀድሞ ይስማማበታል። ጠላቂው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው ገመድ ያዡ ነው። ገመዱን እያስረዘመ ግራና ቀኝ በግማሽ ክብ ያስኬደዋል፣ አንድ ስንዝር መሬት እንዳይዘለል። ከጎናቸው ሌላ ጠላቂ ሙሉ መሣሪያውን ለብሶ ይቀመጣል። እሱ የሚገባው የመጀመሪያው ከተቸገረ ነው። አንድ አዛዥ ሲጨመር አራት ይሆናሉ። ከዚያ በታች ከሆኑ ማንም ባይጠልቅ ይሻላል።

ጠላቂው ጀርባው ላይ የሚያዝለውን ሲሊንደር ብዙ ሰው ኦክስጅን ይለዋል። ውስጡ ያለው ግን በአብዛኛው የታመቀ ተራ አየር ነው። እንደ አባ ሳሙኤል ባለ ቆሻሻ የገባበት ውሃ ደግሞ ተራ ማስክ አይበቃም። ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ማስክና ውሃ የማያስገባ ልብስ ያስፈልጋል፤ ሲወጣም በንጹህ ውሃና በሳሙና መታጠብ አለበት። እዚያ እምቦጭም አለ፤ ስሩ ከተጠላለፈበት የሚቆርጥበት ስለት ያሻዋል። እጁ አንዱ ጋ ባይደርስ እንኳ ሌላው ጋ እንዲደርስ፣ ሁለት ስለት በሁለት ቦታ ይይዛል።

ከውጭ በመጣ መመሪያ ላይ የእኛ አገር አሠልጣኝ ሊያተኩርበት የሚገባው ከፍታው ነው። በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳዩት የመጥለቂያ ሰንጠረዦች በአብዛኛው ለባሕር ወለል የተሠሩ ናቸው። ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ማስተካከያ ይፈልጋሉ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ደግሞ 2,400 ሜትር አካባቢ ናቸው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ለገዳዲ ላይ 10 ሜትር የጠለቀ ሰው፣ በሰንጠረዡ 13 ሜትር እንደጠለቀ ተቆጥሮ ይሰላለታል። አምቦ ውሃ ክዳኑ ሲከፈት እንደሚፈላው ሁሉ፣ በግፊት ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅንም ጠላቂው በፍጥነት ከወጣ አረፋ ይሆናል። ውሃ ውስጥ ውሎ በዚያው ቀን መኪና ይዞ እንጦጦ መውጣትም ይህንኑ አደጋ ይጨምራል።

ከሁሉም የሚከብደው ልምምድ ግን ዳር ላይ ነው። ካባው አፋፍ ላይ ሰው ተሰብስቧል። እናት መሬት ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ሕዝቡ «ግባ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» ይላል። በዚህ መሃል አዛዡ ሰዓቱን ያያል። ልጁ ውሃ ውስጥ ከገባ ስንት ደቂቃ ሆነው? በሕይወት የመገኘት ተስፋ ካለ አደጋን መጋፈጥ ይገባል። ሰዓታት ካለፉ ግን ሥራው አስከሬን ማውጣት ነው፤ ለአስከሬን ተብሎ የማንም ሕይወት አደጋ ላይ አይጣልም። ይህን ለቤተሰብ በለሰለሰ አንደበት መናገርም የሥልጠናው ክፍል ነው።

ያየ ሰው ካለ ቶሎ ለብቻው ይጠየቃል። በቃል ብቻ አይደለም። «ስታየው የት ነበርክ? እዚያው ቁምልኝ» ይባላል። ከዚያ በጣቱ ያሳያል። ሌላው ምስክርም ከቆመበት እንዲሁ ያሳያል። ሁለቱ አቅጣጫዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ፍለጋው ይጀመራል። ጠላቂዎቹ ከመድረሳቸው በፊት እዚያ የተገኘ ሰውም ይህን ማድረግ ይችላል። 939 ይደውል፤ ምስክሩ በቆመበት ቦታ ድንጋይ ያስቀምጥ፤ ልጁ የታየበትን አቅጣጫ በእንጨት መሬት ላይ ያስምር።