ጫጩትን በቀለም መለየት የሚሠራው መቼ ነው?

ጅማ ውስጥ ጫጩት ሲፈለፈል ጎረቤቱ ሁሉ አዋቂ ነው፤ «ቡናማዋ ሴት፣ ቢጫው ወንድ» ይላችኋል። ለእንቁላል ለምትረባው የውጭ ዝርያ፣ ለቦቫንስ ብራውን፣ የአንድ ቀን ጫጩት እውነት ነው። ቦቫንሷን ሄርማታ ገበያ ከተገዛ የአበሻ አውራ ዶሮ ጋር አዳቅላችሁ በ21ኛው ቀን የወጡት ግን በዚህ አይለዩም።

ምክንያቱ እናትየዋ ናት። አንዳንድ የላባ ቀለም ዘረ መሎች ያሉት ፆታ በሚወስነው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ ያንን ክሮሞዞም የምትሰጠው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። አባት ለሁሉም ይሰጣል። ስለዚህ ምልክቱ እናት ላይ ኖሮ አባት ላይ መጥፋት አለበት። ነጭና ጥቁር መስመር የሚፈራረቅባት ፕሊማውዝ ሮክ ከጥቁር አውራ ጋር ስትዳቀል፣ ወንዶቹ ጥቁር ሆነው አናታቸው ላይ ነጭ ምልክት ይዘው ይወጣሉ፤ ሴቶቹ የላቸውም። ባለ መስመሩ አባትየው ከሆነ ግን ምልክቱ ሴት ወንድ ሳይል ይወጣል፣ ልፋታችሁ መና ቀረ። (ገብስማ ዶሮ ሁሉ ይህ ዘረ መል አለው ማለትም አይደለም።)

በእንቁላል ቅርጽ መገመትማ ተረት ነው።

ለክልስ ጫጩት ሁለት ወር ገደማ ታገሱ፤ አናቱ ላይ ያለው ሥጋ ቀድሞ የሚቀላውና የሚወፍረው አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው። አሁንም ከተጠራጠራችሁ በሦስተኛው ወር ወገቡን እዩት፤ ወደ ጅራቱ የሚወርድ ረዥም፣ ጫፉ የሾለ ላባ ካወጣ አውራ ነው፤ ለበዓል ይቆይ።