የሳይንስ ምርምር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፦ ከእንዶድ እስከ መሬት መንቀጥቀጥ

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የስድስት ኪሎው በር፣ የተማሪ ሰልፍና የምረቃ ጋዋን ነው። በግቢው ውስጥ የተሠራው ምርምር ግን ብዙም አይወራለትም። የተጻፈውም ቢሆን በየመጽሔቱ ተበታትኖ የቀረ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ በእንግሊዝኛ። እዚህ ዋና ዋናውን አንድ ላይ ለማምጣት ተሞክሯል።

ዩኒቨርሲቲው የተጀመረው በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ነው። ያደራጁት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ንጉሡ ስድስት ኪሎ ያለውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ነው። የሳይንስ ፋኩልቲ ግን አራት ኪሎ ቀረ። እስከ ዛሬም "ሳይንስ ፋኩልቲ" ያለ ሰው አራት ኪሎ ማለቱ ነው።

ከሁሉም በላይ የዩኒቨርሲቲውን ስም በዓለም ያስጠራው የእንዶድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ወጣቱ ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ ብልሃርዚያን ለማጥናት አድዋ ሄዱ። በሽታው የሚተላለፈው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አማካይነት ነው። ወንዙ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ሳሙናቸው እናቶቻችን ነጠላ ያነጡበት የነበረው ያው እንዶድ ነው፤ ፍሬው ደርቆ ይወቀጥና ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ያስተዋሉት ነገር ቀላል ነበር። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ የሞተ ቀንድ አውጣ ሞልቷል፤ ከፍ ብሎ ባለው ግን ቀንድ አውጣው በሕይወት አለ። በዚያ ወንዝ ስንቱ አልፏል፤ ልብ ያሉት ግን እሳቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ዛሬ ተቋሙ የሚጠራው በስማቸው ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው በፍሬው ውስጥ ያለ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር እንደሆነ ታወቀ። አንዱ የሳፖኒን ዓይነት "ለማቶክሲን" ተብሎ በእሳቸው ስም ተሰይሟል። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው እያለሙ አወዳደሩ። ከሁሉ የበለጠው "ዓይነት 44" የተባለው ሆኖ ተገኘ። አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተደረገው ሙከራ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የብልሃርዚያ ስርጭት ከ50 በመቶ ገደማ ወደ 7 በመቶ ወርዷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ያናድዳል። ዓለም አቀፍ ተቋማት አዲስ አበባ ላይ የተሠራው የደኅንነት ምርመራ አላረካቸውም፤ እነሱ በሚያምኑት ላቦራቶሪ እንደገና ይሠራ አሉ። እርግጥ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ ጥያቄ መነሳቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ግን ዓመታት በዚሁ አለፉ። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1982 ዓ.ም. "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉም እንዶድ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም ነበር። ኋላ ላይ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቱቦ የሚደፍነውን "የሜዳ አህያ ሙስል" (ዜብራ ሙስል) የተባለ ቅርፊት ያለው ትንሽ የውሃ እንስሳ በእንዶድ ስለማጥፋት የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣ። ሐሳቡን ያቀረቡት ዶክተር አክሊሉ ራሳቸው ናቸው። ድርጊቱን አንዳንዶች የአገር ሀብት ዝርፊያ ይሉታል፣ ሌሎች ደግሞ የጋራ ሥራ ውጤት ነው ይላሉ። የወንዝ ዳር ሴቶች እውቀት የማን ንብረት ነው የሚለው ክርክር አሁንም አልተቋጨም።

አራት ኪሎ ወዳለው ብሔራዊ ሐርቤሪየም እንለፍ። ሐርቤሪየም የደረቁ ዕፅዋት መዝገብ ቤት ማለት ነው። ተክሉ በጋዜጣ መካከል ተጨፍልቆ ይደርቃል፣ ወረቀት ላይ ይለጠፋል፣ ጥግ ላይ ማን፣ መቼና የት እንደለቀመው ይጻፍበታል። ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። አንዱን ወረቀት አውጥቶ የሌላ ዘመን ሰው የቀጠፈውን ቅጠል ማየት ደስ ይላል።

የዚህ ቤት ትልቁ ሥራ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ፕሮጀክት ነው። በስዊድን የገንዘብ ድጋፍ፣ ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተጠናቀቀ። በመጀመሪያ የመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኋላ ደግሞ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። ውጤቱ ስምንት ቅጽ ነው፤ አንዳንዱ ቅጽ ለሁለት ስለተከፈለ በቁጥር አሥር መጽሐፍ ይሆናል። ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዕፅዋት አንድ በአንድ ተገልጸውበታል። ቅጾቹ በተራ አለመውጣታቸው ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። ቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው ቅጽ 3 ሲሆን፣ ቅጽ 1 የወጣው መጨረሻ ላይ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ "የኢትዮጵያ ዕፅዋት" ይላል፤ ከኤርትራ ነጻነት በኋላ የወጡት "የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት" ሆኑ። ታሪኩ ሽፋኑ ላይ ይነበባል።

ሕክምናው የራሱ መጽሐፍ ይፈልጋል። እዚህ አንዱን ብቻ እናንሳ፦ ቡታጅራ። የሕክምና ፋኩልቲው በ1979 ዓ.ም. ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችንና አንድ የከተማ ቀበሌ መረጠ። የአካባቢው ልጆች ሠልጥነው ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ለቀቀ፣ ማን መጣ እያሉ ይመዘግቡ ጀመር። አሰልቺ ሥራ ነው። ነገር ግን ልደትና ሞት በማይመዘገብበት አገር እንዲህ ያለ መዝገብ ወርቅ ነው። በኋላ ለከባድ የአእምሮ ሕመም ጥናት በዚሁ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጠይቋል። ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር።

ስድስት ኪሎ ደግሞ በዚያው ቤተ መንግሥት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ። የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ሙዚየሙ የንጉሡን መኝታ ቤት ሳይቀር ያሳያል። በሩ ፊት ጣሊያን የሠራው ደረጃ ቆሟል፤ እያንዳንዱ እርከን ለፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት የቆመ ነው። ጫፉ ላይ አሁን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጧል።

የደርግ ዘመን ለምርምር ከባድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ተማሪና መምህር ለዕድገት በኅብረት ሲዘምት ትምህርት ተቋረጠ። የድኅረ ምረቃ ትምህርት የተጀመረው ግን በዚያው ሥርዓት፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላም፣ በ1985 ዓ.ም.፣ ከ40 በላይ መምህራን ተሰናበቱ። ስለ ምክንያቱ የተለያየ ነገር ይባላል፤ ጉዳቱ ግን አያከራክርም።

የጂኦፊዚክሱ ታሪክ ከሁሉ ቀደም ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነበር። አዲስ አበባ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች መለኪያ እንዲተከልባት ተፈለገች። ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን በ1950 ዓ.ም. ኦብዘርቫቶሪውን፣ ማለትም የመለኪያ ጣቢያውን፣ አስጀመሩ። ብዙም ሳይቆይ፣ በግንቦት 1953 ዓ.ም.፣ መሬት ካራቆሬ ላይ ተንቀጠቀጠች፤ ማጀቴ ፈረሰች። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የሰርዶ ተራ ደረሰ።

አባ ጉዌን መሣሪያው የመዘገበውን ብቻ ይዘው አልተቀመጡም። ዜና መዋዕሉን፣ የተጓዦችን ማስታወሻና ደብዳቤ ሁሉ አገላብጠው የምዕተ ዓመታት መንቀጥቀጥ ለቀሙ። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። መሐንዲስም ሆነ ተመራማሪ ዛሬም ያነሣዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ተሰንጥቃ ስትከፈት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ቦታው ላይ ነበሩ።

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ላይ መብራት ተወዛወዘ፣ ሰው በሌሊት ከፎቅ ወረደ። የዩኒቨርሲቲው የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ፕሮፌሰር አታላይ አየለም በየሚዲያው እየቀረቡ ምን እየሆነ እንዳለ ሲያስረዱ ሰነበቱ። ለብዙ ሰው ነገሩ አዲስ መሰለው። አባ ጉዌን መዝግበውታል፦ በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ላንጋኖ አካባቢ የተነሳው ከባድ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን ነቅንቋት ነበር። ያን ጊዜ ከተማዋ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ የሚበዛባትም ጎጆና ድንኳን ነበር።