ደጀኑስ? «ዋንስ አን ኢግል» የተሰኘው የጦርነት ድራማ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

«ዋንስ አን ኢግል» ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ከዲሴምበር 1976 እስከ ጃንዋሪ 1977 እ.ኤ.አ. ያሳየው ተከታታይ የጦርነት ድራማ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1969 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሰባት ክፍል አለው። የተወሰደው አንተን ማይረር በ1968 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ልቦለድ ነው። ማይረር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል እግረኛ ሆኖ ፓስፊክ ላይ የዘመተና ጓም ደሴት ላይ የቆሰለ ሰው ነበር። የጻፈውን የጻፈው እያወቀው ነው።

ታሪኩ የሁለት መኮንኖች ነው። አንደኛው ሳም ዴመን ይባላል፤ የተጫወተው ሳም ኤልየት ነው። የነብራስካ የገጠር ከተማ ልጅ ነው። ተራ ወታደር ሆኖ ይቀጠራል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ፈረንሳይ ይዘምታል፣ እዚያው ግንባር ላይ መኮንን ይሆናል፣ የአገሪቱን ትልቁን የጀግንነት ሜዳሊያም ያገኛል። ሁለተኛው ኮርትኒ ማሴንጌል ነው፤ የተጫወተው ክሊፍ ፖትስ ነው። ይሄኛው የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ምሩቅ ነው። መምሪያ ቤትን፣ ትልልቅ ሰዎችንና ግብዣን ያውቅበታል። የሀብታም ልጅ ያገባል፤ ትዳሩ ግን ደስታ የለውም። ዴመን በበኩሉ የአዛዡን የጆርጅ ኮልድዌልን ልጅ ቶሚን ያገባል። ኮልድዌልን የተጫወተው አንጋፋው ግሌን ፎርድ ነው።

በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ያለው ጊዜ ረጅም ነው። ማዕረግ አይመጣም። ደመወዙ ትንሽ ነው። ቤተሰብ ከአንዱ ካምፕ ወደ ሌላው እቃ እየሸከፈ ይዞራል። ብዙ የጦርነት ድራማ ይህን ዘሎ ወደ ተኩሱ ይሮጣል፤ ይሄኛው ይቀመጥበታል። እኔ በበኩሌ የድራማው ምርጥ ክፍል ይሄ ነው እላለሁ። ሰው ምን ዓይነት አለቃ እንደሚሆን የሚለየው ጥይት ሲጮህ ብቻ አይደለም። ማንም በማያየው ካምፕ፣ ማንም በማይሸልመው ሥራ ላይም ይለያል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይመጣል። ዴመን ክፍለ ጦር ይመራል። ማሴንጌል ደግሞ የበላዩ፣ የኮር አዛዥ ይሆናል። ወሳኙ ውጊያ ፓስፊክ ውስጥ ባለ አንድ ደሴት ላይ ነው። የዴመን ጦር ከባዱን ግንባር ይይዛል፤ ከኋላው ግን ተጠባባቂ ጦር አለለት። ቢጨንቀው ይደርስለታል። ማሴንጌል ያንን ተጠባባቂ አንስቶ ወደ ከተማዋ ይልከዋል። ከተማ መያዝ ስም ያስጠራል። ጠላት መልሶ ሲያጠቃ ዴመን የሚደርስለት ያጣል። ሰዎቹ ያልቃሉ። የቅርብ ጓደኛው ቤን ክሪስለርም ይወድቃል።

ይህንን ክፍል ያየሁት ደብረ ብርሃን፣ አጎቴ ቤት ነው። ጊዜው ሐምሌ ነበር፤ የደብረ ብርሃን የሐምሌ ማታ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋሼ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከሰሉን ወደ እግሩ ሳብ አድርጎ ተቀምጧል። የቀድሞው ጦር ሃምሳ አለቃ ነበር። እንግሊዝኛ አይሰማም፤ እያቆምኩ እተረጉምለታለሁ። ውጊያው ሲጀመር ግን መተርጎሜን ትቼ ዝም ብዬ አየሁ። ገና ተዋናዮቹ ሳይናገሩት ጋሼ ከመቀመጫው ቀና አለ።

«ደጀኑስ?» አለኝ።

«ምን አልክ ጋሼ?»

«ደጀኑ የታለ? እነዚህን ልጆች ማን ነው ደጀን የሚሆናቸው?»

ከዚያ በኋላ ድራማውን በዚህች አንዲት ቃል ነው የማየው። ደጀን ከኋላ የሚቆም፣ ሲጨንቅ የሚደርስ ኃይል ነው። የማሴንጌል ጥፋት ፍርሃት አይደለም፤ ሰውየው ፈሪም ሰነፍም አይደለም። እንዲያውም ጎበዝ ነው። ካርታ ያነባል፣ ያቅዳል፣ አንደበቱ ርቱዕ ነው። ጥፋቱ የሰው ደጀን ወስዶ የራሱ መሰላል ማድረጉ ነው። ድራማው ከተራ የጀግናና የከሃዲ ተረት የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

የሸዋ ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የድሮው የጦር ማዕረግ ራሱ አለቃው የት እንደሚቆም ይናገራል። ፊታውራሪ ከፊት የሚመራ ነው። ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ይዞ ይዘምታል። ማዕረጉ ጌጥ ከመሆኑ በፊት ቦታ ነበር። ቦታውን የለቀቀ ሰው ስሙን ነው የለቀቀው። በሌላ በኩል «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረትም አለን። ማሴንጌል አማርኛ ቢያውቅ ይህቺን ተረት ይወዳት ነበር። ሁለቱም የእኛው ናቸው። ልጅ አስቀምጦ ሁለቱንም ማስተማርና የቱ እንደሚሻል መንገር ያለብን እኛው ነን።

በ1909 ዓ.ም. የሆነውን እንይ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ከሥልጣን ሲወርዱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ተነስተው ወደ ሸዋ ዘመቱ። የሸዋው ራስ ሉልሰገድ ቶራ መስክ ላይ ገጠሟቸው። የሉልሰገድ ጦር ተደመሰሰ፣ ራሳቸው ሉልሰገድም ወደቁ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤልን በደብዳቤ እያዘናጉ ቀን ገዙ። በዚያ መሀል የሸዋ ተጨማሪ ጦር ከየአቅጣጫው ደረሰ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ውጊያው ተደረገ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ጦርነቱ የሥልጣን ጦርነት ነበር፣ ሁለቱም ወገን ኢትዮጵያዊ ነበር፣ ያለቀውም ሰው ብዙ ነው። ያንን አልክድም። ከድራማው ጋር ሳስተያየው የማየው ግን አንድ ነገር ነው። ቶራ መስክ ላይ የወደቀው ጦር ከኋላው የሚመጣ ነበረው። ደጀኑ ዘግይቶ ደረሰ እንጂ ለሌላ ሰው ዝና ተብሎ አልተወሰደበትም። ጦር መሪ ሰው እንዲሞት ማዘዙ አይቀርም። ልዩነቱ ለምን እንዳዘዘ ነው።

የአምስቱ ዓመት ዘመን ደግሞ ቃሏን ሌላ ትርጉም ይሰጣታል። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ የጣሊያኑ የጦር አዛዥ የባዶሊዮ የመኪና ሰልፍ ከደሴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ጣርማበር ላይ መንገዱ ተቆርጦ ጠበቀው። መንገዱ እስኪጠገን መኪናዎቹ ቆሙ። ዛሬ ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ የሚያልፉበት የመኪና ዋሻ ኋላ ጣሊያን የሠራው ነው። ጭጋጉ ሲወርድ ከፊት ያለውን መኪና መብራት እንኳ አያሳይም። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር እነዚያ የቆሙ መኪናዎች ትዝ ይሉኛል።

ጠላት አዲስ አበባ ሊገባ በተቃረበበት ሰሞን ከደብረ ብርሃን በታች ጫጫ አካባቢ ጥቃት የከፈተበት አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ነው። መንግሥት ፈርሶ፣ ንጉሡ አገር ለቀው በሚወጡበት ወቅት ማለት ነው። ሹመት የሚሰጠው ማንም አልነበረም። ሜዳሊያም የለም። በ1930 ዓ.ም. በውጊያ ወደቀ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በስሙ የሚጠራ ትምህርት ቤት አለ። ተማሪው ስሙን ደብተሩ ላይ በየቀኑ ይጽፋል።

ከእሱ ጋር ስማቸው የሚነሳው አበበ አረጋይ ናቸው። የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ጣሊያን ሲገባ የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ። ጫካ ገብተው አምስቱን ዓመት ሙሉ ሳይገቡለት ቆዩ። በመሀል ከጣሊያን ጋር የዕርቅ ንግግር እያደረጉ ጊዜ ይገዙ ነበር። ከነፃነት በኋላ ራስ፣ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ በታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው።

አርበኛ መምሪያ ቤት የለውም። ደጀኑ ገበሬው ነው። ቆሎውን የሚያቀብለው፣ ቁስለኛውን የሚደብቀው፣ ጠላት የት እንዳደረ የሚነግረው ገበሬው ነው። ስለዚህ በጫካ ውስጥ ማሴንጌልን መሆን አይቻልም። ቢያንስ ለረጅም ጊዜ አይቻልም። ገበሬውን የገፈፈ የጦር አለቃ በሳምንቱ የሚያድርበት ጎጆ ያጣል።

ጠላትም ይህንን አውቆት ነበር። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ ዘረት በሚባለው ቦታ፣ አመፀኛ ዋሻ የተጠለሉትን ሰዎች ጣሊያን ከበባቸው። አብዛኞቹ ተዋጊ አልነበሩም። የአበበ አረጋይ ጦር ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ የአርበኞቹ ሚስቶችና ልጆች ነበሩ። በዋሻው ላይ የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ። እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ወንዶች በመቶዎች ረሸነ። ዘረት ላይ የተመታው ደጀኑ ነው። ይህ ታሪክ ከደብረ ሊባኖሱ ጭፍጨፋ ያነሰ መታወቁ ያሳዝነኛል። በሰሜን ሸዋ ያደገ ልጅ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ሚያዝያ 27 አደባባይ የሚወጡትን አባት አርበኞች ልብ ብላችሁ እዩ። ጎፈሩ ራስ ላይ ነው፣ ካባው ትከሻ ላይ፣ ሜዳሊያው ደረት ላይ። ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። አንድ ዓመት አጠገቤ የቆሙ አባት ሜዳሊያቸውን ስጠይቃቸው የነገሩኝ ስለ ሜዳሊያው አልነበረም። በሌሊት እንጀራ ስታቀብላቸው ስለነበረች ሴት ነው። ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸው ተቆራረጠ።

ወደ ድራማው ልመለስ። የአሜሪካ ጦር ልቦለዱን የራሱ አድርጎታል። መኮንኖች እንዲያነቡት ከሚመከሩ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ለዓመታት ገብቷል። በመኮንኖች መሀል «እሱ ዴመን ነው ወይስ ማሴንጌል?» ማለት ራሱን የቻለ አነጋገር ሆኗል። ሁሉም ግን አልወደደውም። ጦር ያለ መምሪያ ሰው አይንቀሳቀስም፣ ስንቅና ትጥቅ በዕቅድ ነው የሚደርሰው፣ ታዲያ የቢሮ መኮንንን ሁሉ ማሴንጌል ማድረግ ምን ይባላል ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩ እውነት አለው። ሀብተ ጊዮርጊስም በደብዳቤ ነው ቀን የገዙት። ብዕርና ካርታ ሰውን ማሴንጌል አያደርገውም።

ድራማው ጉድለትም አለበት። የሴቶቹ ሕይወት ከባሎቻቸው ጥላ ብዙ አይወጣም። አንዳንድ ንግግር ይንዛዛል። ውጊያዎቹ ለዛሬ ዓይን ትንሽ የቲያትር መድረክ ይመስላሉ። ግን ኤልየት ዝም ብሎ የሚቆምባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ያን ሁሉ ይክሳሉ። ያኔ ገና ስሙ ያልገነነ ወጣት ተዋናይ ነበር።

ርዕሱ የመጣው የግሪኩ ባለ ቅኔ ኤስኪለስ ካነሳው ጥንታዊ ተረት ነው። ንስር በቀስት ይመታል። ቀስቱን ዝቅ ብሎ ሲያይ ጅራቱ ላይ የታሰረው ላባ የራሱ ወገን ላባ ነው። የወደቀው በባዕድ እጅ ሳይሆን በገዛ ላባው መሆኑን ያኔ ያውቃል። እኛ ዘንድ የመጥረቢያ እጀታ የሚባለው ማለት ነው፤ ዛፉን የሚጥለው ብረቱ ብቻውን አይደለም።

ይህንን ለጋሼ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ያንን የውጊያ ቦታ እንድመልስለት ጠየቀኝ። መለስኩለት። በሁለተኛው ዙር ማሴንጌልን አላየም፣ ዴመንንም አላየም። ከኋላ የሚሮጡትን ስም የሌላቸውን ወታደሮች በጣቱ እየጠቆመ ይቆጥር ነበር። ከሰሉ አመድ ሆኖ ነበር፤ ሳንጨምርበት አመሸን።