ቅርጫ ወይስ ሉካንዳ? ስለ በዓል ሥጋ የምንሳሳታቸው ነገሮች

በዓል በደረሰ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ «በሬ ገዝተን ቅርጫ እንግባ» ይላል፣ ሌላው «ምን አስለፋን፣ ሉካንዳ ሄደን በኪሎ እንግዛ» ይላል። እኔ የቅርጫ ወዳጅ ነኝ፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ። በሬው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳረደው፣ ምን ዓይነት ሥጋ እንደነበረው በዓይንህ አይተህ መብላት ትልቅ ነገር ነው። ግን ቅርጫ ወዳጆች ራሳችን እየተቀባበልን የምናወራቸው ስህተቶች አሉ። አንዳንዱ ኪስ ይጎዳል፣ አንዳንዱ ሥጋ ያበላሻል፣ ሰው የሚያሳምምም አለ።

«ቅርጫ ሁልጊዜ ከሉካንዳ ይረክሳል»

ሊረክስ ይችላል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ስህተቱ የሚመጣው ሂሳቡን በቁም በሬው ላይ ስንሠራ ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን የሀገር በሬ ታርዶ ቆዳው፣ ጭንቅላቱ፣ እግሩና የሆድ ዕቃው ሲወጣ የሚቀረው ግማሹ ገደማ ነው፣ 150 ኪሎ አካባቢ በሉት። አጥንቱ ሲነሳ ደግሞ ሥጋው ወደ 100 ኪሎ ይወርዳል። ለ10 ሰው ከተካፈለ ለአንድ መደብ 10 ኪሎ ገደማ ይደርሳል፣ አጥንቱ፣ ጉበቱ፣ ጨጓራውና ምላስ ሰንበሩ በላዩ ላይ። ስለዚህ የበሬውን ዋጋ፣ የመኪናውንና የአራጁን ደምሩና ለ100 አካፍሉት። ከሉካንዳው የኪሎ ዋጋ ጋር የሚወዳደረው ያ ቁጥር ነው። ድሮ ቆዳው ተሽጦ ከወጪው የሆነውን ያህል ይሸፍን ነበር፣ አሁን ዋጋው በጣም ስለወረደ ከሂሳቡ አውጡት።

በሬው ከሳ ያለ ከሆነ ይህም ግምት ይቀንሳል። ቀንዱና ቁመቱ አያታላችሁ። የጎድኑን አጥንት ከሩቅ መቁጠር ከተቻለ ሥጋ የለውም ማለት ነው። በሬ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ገበያ ካልወጣችሁ፣ ወይም የምትፈልጉት ሁለት ኪሎ ቁርጥ ብቻ ከሆነ፣ ሉካንዳው ይሻላችኋል።

«በሬው በዋዜማው እየተነዳ መጥቶ ሌሊቱን ቢታረድ ምንም አይሆንም»

ይሆናል እንጂ። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ልቆይበት። የበሬ ጡንቻ ውስጥ የተጠራቀመ ጉልበት አለ። በሬው ከታረደ በኋላ ያ ጉልበት ወደ አሲድ ይለወጣል፣ አሲዱ ነው ሥጋውን ደማቅ ቀይ የሚያደርገውና ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው። ረጅም መንገድ የተነዳ፣ የተደበደበ፣ በሰፈር ልጆች ሲባረር የዋለ በሬ ይህን ጉልበት ጨርሶ ነው ቢላ ስር የሚገባው። ሥጋው ይጠቁራል፣ ሲነኩት ይጣበቃል፣ ከሌላው ቀድሞም ይሸታል። ሰዎች ይህን ሲያዩ «በሬው ያረጀ ነው» ይላሉ፣ ብዙ ጊዜ ግን ደክሞ ነው። ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት አምጡት፣ ጥላ ቦታ እሰሩት፣ ውሃ አታስጠሙት። የመጨረሻዋን ሌሊት ግን መኖ አትስጡት፣ ሆዱ ሙሉ ከሆነ አራጁ ሆድ ዕቃውን ሲያወጣ የመቀደዱ ዕድል ይጨምራል።

«አሁን የታረደ ሥጋ ከሁሉም ይለሰልሳል»

ገና ትኩስ እያለ አዎ። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ጡንቻው ይገተራልና ሥጋው እየጠነከረ ይሄዳል። ጠዋት ታርዶ ለምሳ የደረሰው ጥብስ አልታኘክ የሚለው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ ቦታ ሲያድር የራሱ ኢንዛይሞች እያላሉት ይመጣሉ። ፍሪጅ ካላችሁ የበዓሉን ዕለት በዱለቱና በቅቅሉ አሳልፉት፣ ለጥብስ የሚሆነውን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቀን አስቀምጡ።

«ሳይበላሽ ቶሎ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ»

ይህን ደግሞ እናቶቻችን ለጥንቃቄ ብለው ነው የሚያደርጉት፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ሙቀቱ ያልወጣ ሥጋ በአንዴ ፍሪዘር ሲገባ ጡንቻው ይኮማተርና እስከመጨረሻው እንደጠነከረ ይቀራል። ከዚያ የባሰው በትልቅ ፌስታል አጭቀን ስናስገባው ነው። ዳሩ በረዶ ሲሠራ መሀሉ ለብ እንዳለ ብዙ ሰዓት ይቆያል፣ ባክቴሪያም የሚፈልገው ያንን ነው። መጀመሪያ ንጹህ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፣ በማግስቱ አንድ አንድ ኪሎ አድርጋችሁ ቋጥሩና አስገቡት። ፍሪጅ ከሌለ ዕለቱኑ ቋንጣ ዘልዝሉ።

«ሥጋው በውሃ ታጥቦ ይጽዳ»

አይታጠብ። አንድ ቦታ ያለውን ቆሻሻ ውሃው በሙሉው ላይ ያዳርሰዋል። ፈርስ የነካውን ቦታ በቢላ ቆርጣችሁ ጣሉት።

«የታመመ በሬ በዓይን ያስታውቃል»

ቆሞ እያለ ብዙ ጊዜ አያስታውቅም። ቅርጫ ከሉካንዳ የሚያንስበት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ቄራ ውስጥ የእንስሳት ሐኪም በሬውን ከመታረዱ በፊት ያየዋል፣ ከታረደ በኋላም ሳንባውንና ጉበቱን ይዳስሳል፣ የመንጋጋውን ሥጋ፣ ምላሱን፣ ልቡንና ወርቹን ቆርጦ ያያል። እኛ ጋ ይህን የሚያደርግ የለም። ስለዚህ በወረዳችሁ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ለምኑት፣ ዋጋውን ለ10 ስትካፈሉት ምንም አይደለም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ስናይ «ይህን ለውሻ» ብለን እንወረውራለን። ያ ከረጢት የውሻ ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ግቢ ውስጥ የሚጫወት ልጅ በእጁ ወደ አፉ ያስገባዋል። ከዓመታት በኋላ ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያድጋል። እባካችሁ አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት።

«የቄራ ማህተም ካለው ጥሬውን መብላት አያሰጋም፣ አረቄና ሚጥሚጣ ደግሞ የቀረውን ይገድላል»

ማህተሙ ብዙ ነገር ይከላከላል፣ ኮሶን ግን ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። የኮሶ እጭ ሥጋው ውስጥ ትንሽ፣ ነጣ ያለች፣ ውሃ የቋጠረች ከረጢት ናት። ሐኪሙ የሚቆርጠው ጥቂት ቦታ ስለሆነ ሽንጥ ውስጥ የተደበቀች አንዲት እጭ ታመልጠዋለች። አረቄም፣ አዋዜም፣ ሚጥሚጣም አይነኳትም። ሰው አንጀት ከገባች ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ትልቅ ትል ሆና ብዙ ሜትር ትረዝማለች። የሚገድላት እሳት ነው፣ መሀሉ ድረስ 60 ዲግሪ የደረሰ። ለብለብ ክትፎ እዚያ አይደርስም። ጥሬ ካልበላሁ የሚል ሰው ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ በቀዘቀዘ ፍሪዘር ለ10 ቀን ያቆየው፣ መብራት በመሀል ከጠፋና በረዶው ከቀለጠ ግን ቆጠራው አይሠራም። ባክቴሪያን ደግሞ ብርዱም ቢሆን አይጨርሰውም።

«ከብቱ ሊሞት ሲል ቢላ ከደረሰለት ሥጋው ይበላል»

በድንገት የወደቀ ወይም የሞተ ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። በተለይ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር፣ የማይረጋ ደም ከወጣ አትረዱት፣ አትግፈፉት፣ አትክፈቱት። ሲከፈት በሽታው አየር አግኝቶ ዘር ይሠራል፣ ያ ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። መቀቀልም አስተማማኝ አይደለም። ወዲያው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ደውሉ። የበሬው ዋጋ ይቆጫል፣ አውቃለሁ፣ ግን የሰው ሕይወት ነው።

«አሜሪካ ቅርጫ ክልክል ነው»

ክልክል አይደለም። ሰዎች አንድ ላይ ሆነው በሬውን በቁሙ ከእርሻ ይገዛሉ፣ ለባለቤቱ ብቻ የሚያርድ ቤት ይወስዱታል። እዚያ የታረደው ሥጋ «ለሽያጭ አይሆንም» የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ እናንተ፣ ቤተሰባችሁና እንግዶቻችሁ ትበሉታላችሁ። መሸጥ ግን አይቻልም፣ ለጎረቤትም ቢሆን። ሥጋው በቄራ እንደሚደረገው አንድ በአንድ በመንግሥት ሐኪም እንደማይመረመርም እወቁ። ስለዚህ ከታረደ በኋላ «አንድ መደብ ተርፏል፣ ማን ይገዛል» ማለት የለም። የእያንዳንዱ ባለድርሻ ስም በሬው ገና በሕይወት እያለ፣ ከእርሻው ባለቤት ጋር ስትዋዋሉ ይጻፍ።