የቻይና ኮከብ ቆጠራ ራስን መውቀሻ ሲሆን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዓመታትን በ12 እንስሳት በየተራ በሚሰይመው የቻይና ኮከብ ቆጠራ የሚጽናኑ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ በዚያው ቆጠራ ራሳቸውን የሚያሠቃዩም አሉ። «ትዳሬ ያልጸናው የነብር ዓመት ልጅ ስለሆንኩ ነው» የሚል ሰው ለወቀሳው ከሰማይ ምስክር ጠርቷል። ምስክሩ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ በቆጠራው ሕግ እንኳ አይጸናም።

«የተወለድኩበት ዓመት እንስሳ ማንነቴ ነው»

ባዚ በሚባለው ጥንታዊ የቻይና ቆጠራ ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት አራት ምሰሶዎች ናቸው። ሰውየውን የሚወክለው የቀኑ ምሰሶ እንጂ የዓመቱ እንስሳ አይደለም። 12ቱ እንስሳት ከ5 ባሕርያት ጋር እየተጣመሩ የ60 ዓመት ዑደት ይሠራሉ። ባሕርያቱ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውሃ ናቸው፤ እኛ ከምናውቃቸው አራቱ ባሕርያት ነፋስ የለበትም።

እንስሳውም ቢሆን ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነገራል። የቻይና አዲስ ዓመት የሚውለው በጃንዋሪ 21 እና በፌብሩዋሪ 20 መካከል ነው። ጥር 10 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ልደቱ በአውሮፓውያን 1990 ስለሚውል «ፈረስ ነህ» ይባላል። የፈረስ ዓመት የገባው ግን ጥር 19 ነበር፤ ሰውየው የእባብ ዓመት ልጅ ነው። «አንድ ቦታ የማልረጋው ፈረስ ስለሆንኩ ነው» እያለ ከኖረ፣ በማይመለከተው ክስ ራሱን ሲወቅስ ኖሯል።

«ክፉ ዓመት አለ፤ የተወለደበትም ዕዳው ይከተለዋል»

ይህኛው ከሁሉም ይከፋል። በጃፓን በእሳት ፈረስ ዓመት የተወለደች ሴት ለባሏ መጥፊያ ትሆናለች ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ይህ ዓመት ሲመጣ ወላጆች ፈሩ፤ በ1965 ከ1.8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የወሊድ ቁጥር ወደ 1.36 ሚሊዮን ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ወዲያው አንሠራራ። ከዋክብቱ ምንም አላደረጉም፤ ያደረገው የሰው ፍርሃት ነው። ያን ዓመት የተወለዱ ሴቶች ልጆች ገና አፍ ሳይፈቱ ፍርድ ተሰጠባቸው። በቻይናም በፍየል ዓመት የተወለዱ ሴቶች ዕድለ ቢስ ናቸው የሚል አባባል አለ። የ60 ዓመቱ ዑደት ዞሮ የእሳት ፈረስን የሚመልሰው በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2026 ነውና፣ በዚህ ዓመት ሴት ልጅ የሚወልዱ እናቶች ይህን ታሪክ ቢያውቁት እወዳለሁ።

«ገለጻው ቁርጥ እኔን ነው፤ ስለዚህ እውነት ነው»

እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ለተማሪዎቹ የባሕርይ ፈተና ሰጠ። ከዚያም ለሁሉም አንድ ዓይነት ጽሑፍ አደለ፤ እያንዳንዱ ግን ለእርሱ ብቻ የተዘጋጀ መስሎታል። ተማሪዎቹ ለጽሑፉ ትክክለኛነት ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ከዓረፍተ ነገሮቹ አንዱ «ራስህን የመንቀፍ ዝንባሌ አለህ» የሚል ነበር። ራስን መንቀፍ ከአንድ እንስሳ ዓመት ጋር የሚመጣ እርግማን ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ተማሪ በዚህ ዓረፍተ ነገር ራሱን ባላገኘ ነበር።

«ራሴን ካልወቀስኩ እሰንፋለሁ»

ብዙዎቻችን ያደግነው በዚህ እምነት ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች ከባድ የቃላት ፈተና የወደቁ ተማሪዎችን ፈትሸው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። ለራሳቸው እንዲራሩ የተነገራቸው ለድጋሚው ፈተና ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ አጠኑ። ለራስ መራራት ጥፋትን መካድ አይደለም፤ ለወዳጅ የምንናገረውን ቃል ለራስም መናገር፣ ስሕተት የሰው ሁሉ መሆኑን ማስታወስ፣ ሕመሙን ሳያጋንኑ ማየት ነው።

«እንግዲያው ቆጠራው ከንቱ ነው»

የትውልድ ዓመት ጠባይን እንደሚወስን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ያም ሆኖ ቆጠራው ጥያቄ ለመጠየቅ ሊያግዝ ይችላል። በአምስቱ ባሕርያት ሥርዓት እንጨት እሳትን ይመግባል፣ ውሃ እሳትን ይገታል። ሲቆጡ «ይህን እሳት ዛሬ የመገበው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ «እኔ መጥፎ ሰው ነኝ» ከማለት ይሻላል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ማጣት፣ ሥራ መደራረብ ወይም የተዋጠ ቅሬታ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ዕረፍት፣ የእግር ጉዞና ከሚታመን ሰው ጋር መነጋገር ነው።

በራስ እንስሳ ዓመት ቀይ መቀነት ወይም ካልሲ ማድረግም የቆየ ልማድ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። «መከራ ይጠብቅሃል» ብሎ አስፈራርቶ በውድ ዋጋ መፍትሔ ከሚሸጥ ሰው ግን መራቅ ይገባል። ኀዘኑና ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ መሄድ ያለብን ወደ ጤና ባለሙያ ነው፤ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን።