የድሮ የመስክ መኪና፦ ታሪኩ፣ ግዢውና እድሳቱ

የድሮ የመስክ መኪና ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት መልክ አንድ ነው። ሳጥን የመሰለ አካል፣ ሁለት ክብ መብራት፣ ወደ ፊት የሚተኛ መስታወት፣ ከኋላ የተሰቀለ ትርፍ ጎማ። መልኩን የሰጠው ሥራው ነው። ላሜራው ቀጥ ያለው በቀላል ማሽን እንዲታጠፍ ነው፤ ብሎኖቹ ላይ ላዩን የሚታዩት ደግሞ ጭቃ ውስጥ የቆመ ሹፌር በአንድ መፍቻ እንዲደርስባቸው ነው። ዛሬ እነዚህን መኪኖች ፈልገው የሚገዙና ዓመታት ፈጅተው የሚያድሱ ሰዎች በየአገሩ አሉ። የሚማርካቸውም በአብዛኛው ይህ ግልጽነት ነው። ኮፋኖውን ስትከፍተው የትኛው ቱቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ በዓይንህ መከተል ትችላለህ።

ነገሩ የተጀመረው በጦርነት ነው። በ1940 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ጦር ቀላልና አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ፈለገና ለ135 ኩባንያዎች ጥሪ አቀረበ። ናሙናውን በ49 ቀን ውስጥ ነበር የፈለገው። በቀነ ገደቡ ያደረሰው ባንታም የሚባል ትንሽ ኩባንያ ሲሆን ንድፉን የሠራው ካርል ፕሮብስት ነው። ጦሩ ግን ባንታም በብዛት የማምረት አቅም የለውም ብሎ ሰጋ፤ ትልቁ ትዕዛዝም ለዊሊስና ለፎርድ ኩባንያዎች ሄደ። ሁለቱ እስከ 1945 ድረስ ጂፕ ተብሎ የታወቀውን ይህን መኪና ከ600 ሺህ በላይ አወጡ። ሐሳቡን መጀመሪያ በብረት ያሳየው ባንታም ተጎታች ጋሪ ወደ መሥራት ዞረ። የጂፕ ታሪክ ሲነገር ይህ ኩባንያ መረሳቱ ሁሌም ያሳዝነኛል።

ጦርነቱ ሲያልቅ የተረፉት ጂፖች ወደ እርሻ ገቡ። ሮቨር የተባለው የእንግሊዝ መኪና አምራች ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ አንግልሲ ደሴት ባለው እርሻው አንድ የዊሊስ ጂፕ ነበረው። እኛስ ለምን የራሳችንን አንሠራም የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ የተሠራው በጂፕ ሻንሲ፣ ማለትም መኪናውን ከሥር በሚሸከመው የብረት አጽም ላይ ነበር። ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ሲሆን በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት ልክ እንደ ጂፑ 80 ኢንች ነበር። አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራው ደግሞ በጊዜው ብረት በኮታ ይከፋፈል ስለነበር ነው። ለጊዜው የተገኘ መፍትሔ ነበር፤ ግን መኪናው ከ60 ዓመት በላይ አብሮት ኖረ።

ጃፓን ውስጥ ቶዮታ በ1951 ቢጄ የተባለውን መኪና አወጣ። በዚያው ዓመት ፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ድረስ ወጣና ስሙ ገነነ። መጀመሪያ ቶዮታ ጂፕ ነበር የሚባለው። ጂፕ የሚለው ስም ግን የዊሊስ ስለነበር በ1954 ላንድክሩዘር ተባለ። ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚሻሙበት 40 ተከታታይ ከ1960 እስከ 1984 ተመረተ፤ ብራዚል ውስጥ ባንዴራንቴ በሚል ስም እስከ 2001 ድረስ መመረቱን ቀጥሏል። ከዚያ በኋላ ያሉትን በፍጥነት ልለፋቸው። የሩስያው ጋዝ 69 በ1953፣ ኢንተርናሽናል ስካውት በ1961፣ ፎርድ ብሮንኮ በ1966፣ ሬንጅ ሮቨር በ1970፣ ላዳ ኒቫ በ1977፣ መርሴዲስ ጂ በ1979 ወጡ። ከእነዚህ ውስጥ ሬንጅ ሮቨርና ኒቫ ለየት ይላሉ። አብዛኞቹ የመስክ መኪኖች በባሌስትራ በሚነዱበት ጊዜ በጥቅል ሞላ የመጡ ናቸው፤ አራቱንም ጎማ ሁልጊዜ ነው የሚነዱት።

የአብዛኞቹ አሠራር ግን ተመሳሳይ ነው። ከታች መሰላል የመሰለ የብረት ሻንሲ አለ፣ ከፊትና ከኋላ ወፍራም አክስል፣ ከካምቢዮው ቀጥሎ ደግሞ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍልና ከባድ ማርሽ የሚሰጥ ሌላ ሳጥን። ይህ ሳጥን በብዙዎቹ ላይ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል የፍጥነት ልዩነት አይፈቅድም። ጭቃና አሸዋ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ችግር የለውም። ደረቅ አስፋልት ላይ አራቱንም አስገብተህ ከታጠፍክ ግን ጥርሶቹ እርስ በርስ ይወጣጠራሉ፣ የሆነ ቦታ ላይም ይሰበራል። አዲስ ባለቤት ቁልፉን ሲረከብ መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ወደ ግዢው እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሞተር አስነስቶ በድምፁ ሲወስን ነው። ሞተር ይፈታል፣ ይቦረሻል፣ ፒስተኑ ይቀየራል፤ ከሁሉም ቀላሉ ሥራ እሱ ነው። መታየት ያለበት ሻንሲው ነው። ትንሽ መዶሻና ካቻቢቴ ይዘህ፣ አሮጌ ልብስ ለብሰህ ከሥር ግባ። ጤነኛ ብረት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ባሌስትራው የሚታሰርባቸውን ቦታዎችና የኋላውን መስቀለኛ ብረት በደንብ ቀጥቅጥ። ጭቃ እየተጠራቀመ ከውስጥ የሚበላቸው እነሱን ነው። ከላይ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሻንሲ ካየህ ጥርጣሬህ ይጨምር።

ላንድሮቨር አይዝግም የሚለው ወሬ ብዙ ገዢ አሳስቷል። የማይዝገው ላሜራው ነው። ሻንሲውና በሞተሩና በእግርህ መካከል ያለው ግድግዳ ብረት ናቸው፣ ይዝጋሉ። በዚያ ላይ አሉሚኒየምና ብረት በሚነካኩበት ቦታ እርጥበት ከገባ አሉሚኒየሙ ራሱ ነጭ ዱቄት እየሆነ ያልቃል። የላንድክሩዘር 40 ችግር ሌላ ነው፤ አካሉ ሙሉ በሙሉ ብረት ስለሆነ የኋላ ማዕዘኖቹና ከበሩ ሥር ያለው ክፍል ቀድመው ይሄዳሉ፣ ሻጩም በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባዋል። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ ላዩ ላይ አስኪደው። የሚለቅበት ቦታ ሁሉ ከቀለሙ ሥር ብረት የለም ማለት ነው። በላንድሮቨር ላሜራ ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፣ አሉሚኒየምን ማግኔት አይዝም።

ሻንሲውን ካለፍክ ወደ ማንነቱ ሂድ። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ክሩስኮቱ ላይ ካለው ሰሌዳና ከሰነዱ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ሰሌዳ በሁለት ብሎን የሚፈታ ነገር ነውና ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የጦርነቱ ጂፕ ላይ ይህ ምርመራ በጣም ደስ ይላል። ፎርድ በሠራቸው ክፍሎች ላይ፣ ብሎኖቹን ጨምሮ፣ ኤፍ የሚል ፊደል ያትም ነበር። ከራዲያተሩ ሥር ያለው መስቀለኛ ብረት ክብ ቱቦ ከሆነ ሻንሲው የዊሊስ ነው፣ የተደፋ ሳጥን ከመሰለ የፎርድ ነው። ዛሬ ያሉት ብዙዎቹ የተቀላቀሉ ናቸው፣ ምክንያቱም የጦሩ ጋራዦች በእጃቸው የገባውን እየገጣጠሙ ነበር የሚጠግኑት። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አላየውም። የዊሊስ ሻንሲ ላይ የተገኘ የኤፍ ብሎን መኪናው ያሳለፈው ነገር ነው።

እድሳት ላይ ሰዎች የሚከራከሩበት ትልቁ ጥያቄም ይኸው ነው፤ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሁን ወይስ የኖረውን ይዞ ይቆይ? በ1955 ስድስት የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ተማሪዎች በሁለት ላንድሮቨር ከለንደን ተነስተው በቀጣዩ ዓመት ሲንጋፖር ገቡ። ኦክስፎርድ የተባለችው መኪና ከብዙ ዓመት በኋላ አትላንቲክ መሀል ባለችው ሴንት ሄለና ደሴት ላይ ክፉኛ ዝጋ ተገኘች። በ2017 ወደ እንግሊዝ ተመለሰች። ያደሳት ሰው ለመንገድ የሚያስፈልገውን ሁሉ ጠገነ፤ ያረጀ መልኳን ግን አላጠፋባትም። በ2019 ከሲንጋፖር ለንደን ድረስ ነዷት፣ ከመጀመሪያዎቹ ተጓዦች የአንዱ የልጅ ልጅም አብሮ ነበር። ያቺን መኪና አዲስ ቀለም ቀብተው ቢያብረቀርቋት ኖሮ ማንኛዋም ሌላ ላንድሮቨር በሆነች ነበር። ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርህ በፊት ሁሉንም ነገር ፎቶ አንሳ። አንድ የተደበቀ ጥግ ላይም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እርጥብ አድርገህ ቀስ ብለህ አሸት፣ ከላይኛው ቀለም ሥር የወታደር አረንጓዴ ወይም የቀድሞ ባለቤት ስም ሊወጣ ይችላል።

ቀለሙን ተው ስል ፍሬኑን ተው ማለቴ ግን አይደለም። የላስቲክ ነገር ሁሉ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የነዳጅ ቱቦ፣ ጎማ፣ መቀየር አለበት። ጎማ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ ደህና አይደለም፤ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ፣ 2315 ካለ በ2015 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የድሮ የፍሬን ሸራና ጓርኒሲዮን ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ አለበት፤ አቧራውን በኮምፕረሰር እንዳትነፋው፣ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ኤሌክትሪኩም የራሱ ጣጣ አለው። የጦርነቱ ጂፕ የሚሠራው በ6 ቮልት ነው። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ላንድሮቨሮች ደግሞ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው እንደ ዛሬው ኔጋቲቩ ሳይሆን የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። ይህን ሳያውቅ ዘመናዊ ሬዲዮ የገጠመ ሰው ሬዲዮውን ያቃጥላል።

መለዋወጫ ከሚታሰበው በላይ ይገኛል። ለላንድሮቨር ዝገት በማይበግረው ዚንክ የተነከረ አዲስ ሻንሲ የሚሠሩ አሉ፣ ቶዮታ ራሱ ለ40ው አንዳንድ ክፍሎችን እንደገና ማምረት ጀምሯል። ቢሆንም የሚጠገነውን ኦርጅናል ክፍል አትጣል። አሮጌው ካርቡራቶር በደንብ ከታጠበና ጓርኒሲዮኑ ከተቀየረ ርካሽ ቅጂውን ብዙ ጊዜ ያስንቀዋል።

ከታደሰ በኋላ ይነዳ፤ ቆሞ የሚውል መኪና ፍሬኑ ይጣበቃል፣ ነዳጁ ሙጫ ይሆናል፣ የማኅተም ላስቲኩም ይደርቃል። ወንዝ ካሻገርከው ደግሞ ፍሬኑ ሸራው እስኪደርቅ ድረስ በቅጡ አይዝምና ቀስ እያልክ ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ። ቤት ስትደርስ የዲፈረንሻሉን ዘይት እይ። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፣ ሳታሳድር ቀይረው።