ኮንሶልን ከላፕቶፕና ከሞኒተር ጋር ማገናኘት

የቤቱ ቲቪ ለድራማ ሲያዝ፣ ጌም የሚወድ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ላፕቶፑ ላይ ነው። ኮንሶሉ (ፕሌይስቴሽንን የመሰለ የጌም ማጫወቻ) ኤችዲኤምአይ የሚባለው የምስልና የድምፅ መሰኪያ አለው፣ ላፕቶፑም አለው፣ ገመዱም ሁለቱም ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። ይሰካዋል፤ ምንም አይመጣም።

የተበላሸ ነገር የለም። የላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ምስል ማውጫ ብቻ ነው። ወደ ቲቪ ወይም ፕሮጀክተር ይልካል እንጂ ከሌላ ዕቃ አይቀበልም። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ መጎርጎርም ሆነ ሶፍትዌር መጫን ይህን አይቀይረውም።

ዴስክቶፕ ያለው ሰው ግን ዕድለኛ ነው። ሲፒዩውን ትቶ ገመዱን በቀጥታ ሞኒተሩ ላይ መሰካት ነው፣ አለቀ። እንደውም ብዙ ሞኒተር ከቲቪ ይልቅ ለጆይስቲኩ ቶሎ ምላሽ ስለሚሰጥ ኳስ ለሚጫወት ሰው ይመረጣል። ችግሩ ድምፅ ነው፤ ስፒከር የሌለው ሞኒተር ብዙ ነው። የፒኤስ4 እና የፒኤስ5 (ፕሌይስቴሽን 4 እና 5) ጆይስቲክ ላይ የኢርፎን መሰኪያ ስላለ እዚያ ሰክቶ መገላገል ይቻላል።

ሞኒተሩ የድሮ የቢሮ ዕቃ ሆኖ ቪጂኤ የሚባለው አሮጌ የምስል መሰኪያ ብቻ ካለው ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ተራ ገመድ አይሠራም፣ ምክንያቱም ኤችዲኤምአይ ዲጂታል ነው፣ ቪጂኤ ደግሞ አናሎግ። ኮንቨርተሩ ተገዝቶም ስክሪኑ ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የሚጠረጠረው ኤችዲሲፒ የሚባለው የቅጂ መከላከያ ነው። ፒኤስ4 እና ፒኤስ5 ላይ ከሴቲንግ ይጠፋል፣ ግን እሱ ጠፍቶ ኔትፍሊክስን የመሰሉ የፊልም አፖች አይከፍቱም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፒኤስ3 ላይ ጭራሽ ማጥፊያ የለውም። ሌላው የፒኤስ3 ጣጣ፣ ከቲቪ ወደ ሞኒተር ሲዛወር የቀድሞውን የምስል አወጣጥ ይዞ መቅረቱ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አጥፍቶ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለሁለተኛ ጊዜ ጢጥ እስኪል መያዝ።

የግድ ላፕቶፕ ከሆነስ? ካፕቸር ካርድ አለ። ኮንሶሉ እሱ ላይ ይሰካል፣ እሱ ደግሞ በዩኤስቢ ላፕቶፑ ላይ፣ ምስሉም ኦቢኤስን በመሰለ ፕሮግራም ይታያል። የተሠራው ለመቅረጽና ለላይቭ ነው። ርካሾቹ ምስሉን ስለሚያዘገዩት፣ ተጫዋቹ ኳሷን የመታ ሲመስለው ተከላካዩ ቀድሞ ወስዷታል። እኔ ለመጫወት ብቻ ብዬ አልገዛውም።

ገመድ የማይፈልገው መንገድ ሪሞት ፕሌይ የሚባለው የፕሌይስቴሽን ሠሪው የሶኒ አፕ ነው። ለፒኤስ4 ኮምፒውተር ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ኮንሶሉ ጌሙን እያስኬደ ምስሉን በኔትወርክ ይልካል። ሶኒ ቢያንስ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ይጠይቃል፣ ጥሩ እንዲሆን ደግሞ 15። ዋይፋይ ደካማ ከሆነ ምስሉ ይቆራረጣል፤ ቢያንስ ኮንሶሉን ከራውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ ማገናኘት ብዙ ይረዳል።